የፈረምንላቸው ሰዎች

«ነፋስ እንዴት አድርጎ ነው ማዳበሪያ የሚሆነው?» ብሎ መምህር ኢዮስያስ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጉርድ ሾላ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ለትንንሽ ልጆች በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን ደረታችንን እየነካ ማንበብና መጻፍ የምንማር አሥራ አንድ እናቶች ነን። መምህሩ ስለ ቤተሰባችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብሎን ነበር። እኔ «ልጄ ቤቴል ከነፋስ ማዳበሪያ ትሠራለች» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም።

«ከነፋስ ማዳበሪያ የሚወጣ ቢሆንማ» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው ሉላ፣ «የኔ ባል በወሬው ብቻ አገሩን ባጠገበ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጄን በእጄ ያሳደግኩ፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪዋን ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እየተኮስኩ የሸፈንኩ ሰው ምን እንደምትሠራ አለማወቄ ከነከነኝ። በማግስቱ ከአምልኮ ተመልሰን ምሳ ስንበላ ጠየቅኳት።

«እማ፣ ቀላል ነው» አለች ቤቴል። «ነፋሱ ትልቅ ማራገቢያ ያዞራል። ፀሐይዋ ደግሞ ጥቁር መስታወት ላይ ታርፋለች። ከሁለቱም ኤሌክትሪክ እናገኛለን። በኤሌክትሪኩ ውኃውን እንሰነጥቀዋለን።»

«ውኃ ይሰነጠቃል?»

«ይሰነጠቃል። ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ይወጣል። እሱን ከአየር ከምንወስደው ናይትሮጅን ጋር ስናዋህደው አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ማዳበሪያ ይሆናል። ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ።»

«ቤቴል፣ ውኃና ኤሌክትሪክ እንዳይገናኙብሽ ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ?»

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው። ይህችን ልጅ ከነፋስና ከፀሐይ ስጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ካለ «ወንድሜ፣ ልጄን ነፋስ እንዳይመታብኝ» ብዬ አስዘጋለሁ፤ ካልዘጋ ወርደን በእግር እንሄዳለን። ምች እንዳይመታት ትምህርት ቤት ስትሄድ ጃንጥላ ይዤ እከተላት ነበር። አሁንም ስምንተኛ ክፍል ሆና «እማ፣ ተመለሺ» እያለች ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ያ ሁሉ ልፋት ነፋስና ፀሐይን እየፈለገ የሚሄድ መሥሪያ ቤት እንድታገኝ ሆነ።

«ታዲያ ማራገቢያው ቦሌ፣ ቢሮሽ አጠገብ ነው የሚተከለው?» አልኳት።

«ቦሌ ምን ነፋስ አለ? ቆላ ነው፣ ከድሬዳዋ አልፎ። እዚያማ ነፋሱ ሰው ይጥላል።»

«እና ማን ነው እዚያ የሚሄደው?»

ሳህኗን አየች። «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እማ።»

የዚያን ዕለት እህል አልወረደልኝም። ልለምናት አልፈለግኩም፤ ስለምናት እሺ ብላ የምትቀር፣ ከዚያ ዕድሜ ልኳን የምታዝንብኝ ልጅ ናት። ስለዚህ ሰው ልጅ ሲፈልግ የሚያደርገውን አደረግኩ። ለመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ሦስት ሰዎች አገኘሁ። ጋሽ በዳሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ለጋብቻ ሲላኩ እምቢ ያላቸው ቤተሰብ የለም ይባላል። ሐጂ ሙክታር ከመንገዱ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው። አቶ ገብረሃንስ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«ልጅ ለመጠየቅ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሄጃለሁ» አሉ ጋሽ በዳሳ። «ልጅ አስመልስ ተብዬ ስላክ ግን መጀመሪያዬ ነው።»

«መንገዱ ያው ነው» አሉ ሐጂ ሙክታር። «ፊቱን ማዞር ብቻ ነው።»

«ቁርስ አለው?» አሉ አቶ ገብረሃንስ።

ጋሽ በዳሳ ተቆጡ። «ገብረሃንስ፣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ከተቀመጥክና ከበላህ የነሱ እንግዳ ሆንክ ማለት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን አይጠይቅም።»

ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ቤቴል ዕቃ ለማስለቀቅ ጉምሩክ እንደምትውል አጣርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላቸው። የሕንፃው ዘበኛ ስልክ አንስቶ «ሽማግሌዎቹ መጥተዋል» አለ። ማንም የት እንደምንሄድ አልጠየቀንም። ሊፍቱ ውስጥ ሐጂ ሙክታር ቢስሚላህ አሉ፣ ጋሽ በዳሳ በኢየሱስ ስም አሉ፣ አቶ ገብረሃንስ አማተቡ። ስምንተኛ ፎቅ ደረስን።

በሩ ሲከፈት አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ሮጣ መጣች። ሄኒ ትባላለች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ደረሱ! ከዚያ ሁሉ መንገድ!»

«ጉርድ ሾላ ምን ይርቃል፣ ልጄ» አሉ አቶ ገብረሃንስ። ሄኒ ግን ፊቷን አዙራ በስልክ «ደርሰዋል፣ ደርሰዋል» እያለች ነበር።

ወደ አዳራሽ አስገባችን። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ያ ብቻ ደስ አለኝ። ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን አለ፣ በስክሪኑ ላይ አምስት ፈረንጆች። ጠረጴዛው ላይ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ማርና ትኩስ ዳቦ ተደርድሯል።

«ፕሊስ፣ ቁጭ በሉ» አለች ሄኒ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በዳሳ።

«አባባ፣ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ኦንላይን እየጠበቁ ነው። ካሜራው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው።»

ቀና ብለን ስክሪኑን አየን። እውነቷን ነው። ጥጉ ላይ ሦስት ጋቢ ቆሟል፣ ከላዩ ሰው የለበትም።

«ራሳችን የለም» አሉ ሐጂ ሙክታር፣ አንገታቸውን እየነኩ።

ፈረንጆቹ ለጋቢዎቹ እጃቸውን አወዛወዙ። ጋሽ በዳሳ ራስ የሌለው ሽማግሌ ጉዳይ ማስረዳት እንደማይችል አስበው መሰለኝ፣ «ለጊዜው ነው» ብለው ተቀመጡ። ስንቀመጥ ራሳችን ተመለሰ። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ገብረሃንስ ፍርፍሩን ጀመሩ።

ወዲያው አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። «ስምና ፊርማ ብቻ» አለች ሄኒ። ሦስቱም ፈረሙ፤ ሰው ሲመጣ መመዝገቡ የታወቀ ነው። ለእኔ ግን ለጣት አሻራ የሚሆን ቀለም አመጣችልኝ።

«እጽፋለሁ» አልኳት።

ከክፍላችን ውጭ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። መምህር ኢዮስያስ ሳታነቡ አትፈርሙ ይለናልና ከላይ ጀመርኩ። «የ… ማ… ኅ… በ… ረ… ሰ… ብ» አልኩ። ሰባት ፊደል። ቀና ስል ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ፣ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ። ሰው ማስጠበቅ አልወድም። ቀሪውን ትቼ «ጥሩነሽ ኤርሴዶ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኤርሴዶ ከመስመሩ አለፈ። ወረቀቱ ተነጥቆ ወደ ካሜራው ተነሣ። እንደገና ጭብጨባ ሆነ፣ ስክሪኑም ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓለምሰገድ ዕንባቸውን እየጠረጉ እያንዳንዳችንን ጨበጡ። «ሁለት ዓመት የጠበቅነው ቀን ነው» አሉ።

ያኔ ጋሽ በዳሳ ብድግ አሉ። «አቶ ዓለምሰገድ፣ የመጣንበት ጉዳይ ለኛ ከባድ፣ ለእርስዎ ግን ቀላል ነው። ቤቴል የምትባል ልጃችንን ወደ ቆላ ልትልኩ ነው። መልሱልን።»

«የኛ መሐንዲስ ቤቴል? ወደ እናንተ አገር እኮ ነው የምትመጣው!»

«የኛ አገር ጉርድ ሾላ ነው።»

አቶ ዓለምሰገድ ሄኒን አዩ። ሄኒ ስልኳን አየች። ከቆላ ይመጣሉ የተባሉት ሽማግሌዎች መኪናቸው አዋሽ ላይ ተበላሽቶ መንገድ ዳር መቀመጣቸውን የሚናገር መልእክት ከአንድ ሰዓት በፊት ገብቶ ነበር።

«ሽማግሌ ናቸው» አለች ሄኒ ቀስ ብላ። «ሦስት ናቸው። ሴትም አለችበት፤ ፈረንጆቹ ሴት ትኑርበት ብለው ነበር።»

አቶ ዓለምሰገድ ወንበር ላይ ወደቁ። «ወረቀቱ ሄዷል» አሉ። «የማኅበረሰቡ ስምምነት ተብሎ ተመዝግቧል። እንደገና ልጠይቃቸው ብል ገንዘቡም ይቀራል፣ እኔም እቀራለሁ።»

«ልጄስ?» አልኩ።

«እሷማ በእናንተ ፊርማ ፈጠነች፣ እናቴ። ከሁለት ወር በኋላ ነበር፤ አሁን ሰኞ ትነሣለች።»

ሲሸኙን ለእያንዳንዳችን የማራገቢያ ሥዕል ያለበት ኮፍያ ሰጡን። ጋሽ በዳሳ መገናኛ ስንደርስ «ፍርፍሩ ነው» አሉ፣ አቶ ገብረሃንስን ሳያዩ።

ቤቴል ወሬውን ቢሮዋ ደርሳ ሰማች። ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«ሽማግሌ፣ እማ? ለመሥሪያ ቤቴ?»

«ነፋሱ ሰው ይጥላል ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«አጎቴ ኢስሐቅ ዱራሜ ላይ በየዓመቱ ማዳበሪያ ሲጠብቅ ዝናቡ ጥሎት ያልፋል። አንቺ ራስሽ ስልክ ይዘሽ ከሱ ጋር ስታለቅሺ አይደል የኖርሽው? ያ እንዲቀር ነው የምሄደው። መሄድ እፈልጋለሁ። ገባሽ? ማንም አላስገደደኝም!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ላይ ነው የፈረምሽው?» አለችኝ።

«ስሜን ነው የጻፍኩት።»

«ከስምሽ በላይ ምን ይላል?»

«እዚያ አልደረስኩም።»

ኮምፒውተሯን ከፍታ አነበበችልኝ። እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የአካባቢው ነዋሪዎች የግጦሽ መሬታችንን፣ የግመሎቻችንን መተላለፊያና የውኃ ጉድጓዳችንን በተመለከተ ከዚህ ጋር የተያያዘውን አርባ ሦስት ገጽ ሰምተን፣ ተረድተን፣ ተስማምተናል ይላል።

የውኃ ጉድጓድ! የኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ። ግመል ደግሞ ሐጂ ሙክታርም የላቸውም።

«አንዲት እናት ለማስደሰት የማላውቃቸውን ሰዎች ጉድጓድ ሰጠሁ» አልኩ።

«ራስሽን ነው ለማስደሰት የሞከርሽው» አለች ቤቴል። ልክ ናት።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ላጲሴን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቦሌ ሄድኩ። ስሜን በእስክሪፕቶ እንደጻፍኩት ትዝ ያለኝ ሕንፃው በር ላይ ስደርስ ነው። ገባሁ። ከታች ባለው አዳራሽ ሦስት አዛውንት ቆመዋል። አቧራ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር አለ። አንደኛው ከዘበኛው ጋር ይከራከራሉ።

«ሽማግሌዎቹማ ማክሰኞ መጥተው ፈርመው ሄዱ፣ አባባ» ይላል ዘበኛው።

«ሽማግሌዎቹ እኛ ነን።»

«ይሁን። ግን አንዴ መጥታችኋል።»

ብሸሽ ማንም አያውቀኝም ነበር። ቀርቤ «አባቴ፣ እኔ ነኝ እርስዎን ሆኜ የፈረምኩት» አልኳቸው።

ሰውየው ሊባን ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከባድ መኪና ስለነዱ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ እኔን ሆንሽ?»

«አዎ። ከሦስት ሰዎች ጋር።»

«እና ምን ብለን ተስማማን?»

«አላነበብኩትም።»

ለሁለቱ ጓደኞቻቸው በቋንቋቸው ነገሯቸው። አንደኛው በሣቅ እስኪታፈኑ ሳቁ፣ ሌላው ምንም አልሳቁም። ለምን እንዳደረግኩት ጠየቁኝ፤ ስለ ቤቴል ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የታክሲውን መስኮት ሳይቀር። ሊባን አዳመጡኝና «ነይ» አሉ። ዘበኛው ከእኔ ጋር ስለሆኑ አሳለፋቸው፤ እኔን እንደ ሽማግሌ መዝግቦኛል።

አቶ ዓለምሰገድ ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሡ። ሄኒ ቁርስ ልታዝዝ ሮጠች።

«አትድከሚ» አሉ ሊባን። «አንቀመጥም። ተስማምታችኋል ተብለናል። የተስማማነውን ልንሰማ ነው የመጣነው።»

«ጠበቃችን በደስታ ያስረዳችኋል» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

«ጠበቃው አልፈረመም። የፈረመ ያንብብልን፣ ጉድጓዳችን አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሰምተን ከወደድን እናንተ ደስ ይበላችሁ። ካልወደድን የሴትዮዋ ስም ይሰረዛል። ንባቡ ሳያልቅ ግን አንድ መኪና፣ አንድ መሐንዲስ እዚያ እንዳይደርስ። እምቢ ካላችሁ ለነዚያ ለፈረንጆቹ ራሳችን እንነግራለን።»

አቶ ዓለምሰገድ ፊታቸው በራ። ከዚህ የባሰ ነገር ጠብቀው ነበር። «ንባብ ብቻ? አርባ ሦስት ገጽ እኮ የሦስት ሰዓት ሥራ ነው! ማን ያነባል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ገና ተማሪ ነኝ» አልኩ።

«እኛም አልቸኮልንም» አሉ ሊባን።

ቤቴል በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላየኋትም። ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችኝ።

«እማ፣ እዚያ ነፋሱን አትችይውም።»

«ሻርፕ አለኝ።»

«በቀን ሦስት መስመር ነው የምታነቢው!»

«አራት ደርሻለሁ።»

ሁለታችንም ያው ነገር እየቆጠርን ነበር፦ ንባቡ ካላለቀ እሷ አትሄድም።

«ሆን ብለሽ እንዳትዘገዪ» አለችኝ። «ማይልኝ።»

«አንድ ፊደል አልደግምም፣ አንድም አልዘልም። ጌታ ያውቃል።»

ሆን ብዬም ዘግይቼ አላውቅም። የምንዘገየው በሌላ ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት እዚህ ቆላ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለች ግራር ሥር እቀመጣለሁ፤ ወረቀቱን በአራት ድንጋይ እይዛለሁ። አንድ መስመር አነባለሁ፣ ሊባን ያስተረጉማሉ፣ ከዚያ ክርክር ይነሣል። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ከወንዶቹ ይበልጥ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ገጽ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። እዚያ «ባዶ መሬት» የሚል አለ፤ ባዶው የቱ ነው ብለው መሬቱን በእግር ዞረው አሳዩኝ፣ ባዶ አላገኘንም። ሻርፔን ነፋሱ በሁለተኛው ቀን ወሰደው። ግመል የሚጠብቁ ሰዎች አይተውታል ይባላል፣ አልተመለሰም። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

ቤቴል በየእሑዱ ትደውላለች።

«ገጽ ስንት ደረስሽ?»

«ስድስት።»

«ያለፈው እሑድም ስድስት ነበር!»

«ጉድጓዱ ላይ ቆመናል። ውኃው ከጉድጓድ ይወሰዳል ይላል እንጂ ከየትኛው እንደሆነ፣ በቀን ስንት ቦቴ እንደሆነ አይልም። እዚህ ያለው አንድ ጉድጓድ ነው፣ ልጄ። እኔም ከሱ ነው የምጠጣው። እሱን ከሰነጠቃችሁት ግመሎቹ ምን ይጠጣሉ?»

ወረቀት ስትገልጥ በስልኩ ሰማሁ።

«ስድስተኛውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«ቦሌ ቁጭ ብዬ። ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ነበር፣ ጉድጓድ ብዬ ጻፍኩ።» ከዚያ እንደ ልጅነቷ ተነፈሰች። «አታንብቢው። እንደገና እሠራዋለሁ። ውኃው ከሌላ ቦታ በቧንቧ መምጣት አለበት፤ እንደገና መቁጠር አለብኝ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ስንት ቀን ትላለች! ወራት ነው፣ እማ።»

ወራት ሆነ። አዲሱ ስድስተኛ ገጽ ሲመጣ አሥራ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። ሆቴሉ ለአንሶላው ሌላ ሰው ቀጠረ። ሄኒ መጥታ አንድ ቀን አዳመጠችና ኮፍያ አድላ ተመለሰች። አቶ ዓለምሰገድ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ፈረንጆቹ በንባቡ በጣም መደሰታቸውን፣ ሆኖም ትንሽ ቢፈጥን ደስ እንደሚላቸው ይነግሩኛል። አሁን ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነን፣ ስለ ግመል መተላለፊያ።

ቤቴል እስከ ዛሬ ቦሌ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ውኃ እየቆጠረች ናት። የሄድኩት እኔ ነኝ።